«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»፦ ስለ አንድ ዓረፍተ ነገርና ስለ አንድ የገንዳ ውኃ ሱቅ ደንብ

ትችት ሲባል ስለ ቅኔ፣ ስለ ልብ ወለድ ወይም ስለ ቲያትር የሚጻፍ ብቻ ይመስለናል። እኛ ዛሬ ልንተቸው የተነሣነው ግን ከሦስት ቃል የማይበልጥ፣ ደራሲው የማይታወቅ፣ ይሁን እንጂ ከብዙ መጻሕፍቶቻችን ይልቅ ብዙ አንባቢ ያገኘ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይኸውም «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ በቆላውም በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ ሱቆች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እናየዋለን፤ በደረሰኝ ግርጌም በማኅተም ተመትቶ ይገኛል። አንዳንዱ ነጋዴ ይህ አልበቃ ብሎት «አይለወጥም» የሚል ይጨምርበታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዕቃቸውን በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች ይህንኑ ቃል እንዳለ ወስደው የሽያጭ ደንባቸው ራስ አድርገውታል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ዓረፍተ ነገሩ ከግድግዳ ወደ ስልክ ሲዛወር ቃሉ ሳይለወጥ ሥራው እንደ ተለወጠ፣ ይህንንም ሳናስተውል እኛው ራሳችን አንዲት ገዢ እንደ በደልን ነው።

በመጀመሪያ አገባቡን እንመልከት። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ዕቃው ነው፤ ሻጭ የለበትም፣ ገዢም የለበትም። «የተሸጠ ዕቃ መልሰን አንቀበልም» ቢል ኖሮ የማይቀበለው ማን እንደ ሆነ ይታወቅና «ስለ ምን?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። «የገዛችሁትን አትመልሱ» ቢል ደግሞ ትእዛዝ ይሆንና ሰውን ያስቀይም ነበር። «አይመለስም» ሲል ግን ነገሩ የማንም ፈቃድ ያልገባበት የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ከሚለው ተረት ጋር ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት የሁለቱ አሠራር አንድ ነው፤ ሁለቱም በ«የ» ይጀምራሉ፣ ሁለቱም አንድ ስም አስከትለው በአሉታ ይዘጋሉ። ስለዚህ ገዢው ከነጋዴ ጋር የሚከራከር ሳይሆን ከአባቶች ቃል ጋር የሚጣላ ይመስለዋል። እንደ ድርሰት ከታየ በጥቂት ቃል ብዙ ኃይል የያዘ ድርሰት ነው፤ ይህን ሳንመሰክር ብናልፍ ትችታችን አድልዎ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ዓረፍተ ነገሩ በሱቅ ውስጥ ለብቻው የማይነበብ መሆኑ ነው። አንዲት የገንዳ ውኃ እናት ለልጅዋ ጫማ ትገዛለች እንበል። ማታ ሲለካ ይጠባል። በማግሥቱ ጫማውን በፌስታል ይዛ ትመጣለች። ነጋዴው ያ ጽሑፍ ከራሱ በላይ እንደ ተለጠፈ «ትናንት ለክተሽው ብትሄጂ ምን ነበር?» ብሎ ያጉረመርምና ቁጥሩን ይለውጥላታል። ባልዋን ያውቀዋል፤ የሰሊጥ ገንዘብ ሲገባ ተመልሳ እንደምትገዛ ያውቃል፤ በለቅሶም በሠርግም ይገናኛሉ። እንግዲህ ለጥቅምት አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ በዚያው ሱቅ የእጅ ባትሪ ገዝቶ ማታ ሳይበራለት ቀረ እንበል። በማግሥቱ ሲመጣ ነጋዴው አፉን እንኳ ሳይከፍት በጣቱ ወደ ግድግዳው ያመለክታል። ግድግዳው ላይ ያለው ቃል ለሁለቱም አንድ ነው፤ የደረሰባቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ጽሑፉ የሽያጭ ደንብ ነው ከማለት ዘመድና እንግዳ የሚለይበት ወንፊት ነው ብንል ወደ እውነቱ እንቀርባለን። የታወቀ ሰው ግማሹን ከግድግዳው፣ ግማሹን ከነጋዴው ፊት ያነብባል፤ ያልታወቀው የሚያነብበው ግድግዳውን ብቻ ነው።

ይህን ከተረዳን በስልክ ላይ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። በስልክ ላይ ፊት የለም፤ ሁሉም ከደጋ እንደ ወረደው የቀን ሠራተኛ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ከከተማ ወደ ከተማ መላክ ቀላል ሆኗል። በዚህም ምክንያት አንድ ስልክና አንድ መደርደሪያ ያለው ሰው ሁሉ ባለሱቅ መሆን ይችላል። አሠራሩም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። የዕቃው ፎቶ ይለጠፋል፤ ዋጋውን የፈለገ «በውስጥ መስመር» ይጠይቃል፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ይላካል፤ ዕቃው በካርቶን ታስሮ በመናኸሪያ ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል፤ ገዢው የረዳቱን ስልክ ይዞ ይጠባበቃል። ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በኮኪት፣ በገንዳ ውኃ፣ በነጋዴ ባሕርና በአይከል አድርጎ ወደ ደጋው ይወጣል።

የእነዚህን ሱቆች ማስታወቂያ በጥሞና ያነበበ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። ዕቃው ሲቀርብ ንግግሩ ሁሉ የቤተሰብ ነው፤ «ውዶቼ»፣ «እህቶቼ»፣ «እንዳያመልጣችሁ» ይባላል። ወደ ደንቡ ሲደረስ ግን ተናጋሪው በድንገት ይሰወራል። «እህቴ» የነበረችው «ደንበኛው» ትሆናለች፤ ሴትነትዋም ይቀራል። «እኔ» ይል የነበረው ሻጭ «ሱቁ» ይሆናል፤ ግሶቹም ሁሉ «አይመለስም»፣ «ተቀባይነት አይኖረውም»፣ «ኃላፊነት አይወሰድም» እያሉ ባለቤት አልባ ይሆናሉ። ገንዘብ ሲጠየቅ ዘመድ፣ ጉድለት ሲነገር ባዕድ የሚያደርግ አጻጻፍ ነው። ዋጋን በውስጥ መስመር መደበቅም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ለአንዱ ሌላ፣ ለሌላው ሌላ ዋጋ ለመንገር በር ይከፍታልና።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመጣለን። እኛ እትዬ የምንላቸው ዘመዳችን በገንዳ ውኃ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ቶብ፣ ሽቶ፣ የሰሊጥ ዘይትና የመተማ ዕጣን ይሸጣሉ። ቶብና ሽቶው በፊት ከሱዳን በገላባት በኩል ይመጣ ነበር፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን እንደ ቀድሞው የሚገኝ አልሆነም፤ የገበያውም ሰው አነሰ። ስለዚህ እትዬ ዕቃቸውን በቴሌግራም ለጎንደር፣ ለባሕር ዳርና ለአዲስ አበባ ገዢዎች ማቅረብ ጀመሩ። ለዚህም ደንብ አስፈለገ፤ «አንተ የተማርኸው ጻፍልኝ» ብለው ሥራውን ለእኛ ሰጡን።

የጻፍነው እንደሚከተለው ነበር፦ «1. የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። 2. ደንበኛው ዕቃው ከተላከበት ጊዜ ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላሳወቀ ቅሬታው ተቀባይነት አይኖረውም። 3. የፎቶው ቀለም ከዕቃው ሊለይ ይችላል። 4. በመንገድ ለሚደርስ ጉዳት ሱቁ ኃላፊነት አይወስድም።» ከአንደኛው በቀር ሌሎቹን ያገኘናቸው ከትልልቅ የውጭ አገር ሱቆች ደንብ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር የቤተ መጻሕፍቱን ደንብ በእጃችን እንድንገለብጥ ይደረግ ነበር። ምናልባት ከዚያ የቀረብን ልማድ ይሆናል፤ ደንብ መጻፍ ማለት ሌላ ሰው የጻፈውን በጥሩ አማርኛ መገልበጥ ይመስለን ነበር። ስንጨርስም ደስ ብሎን እንደ ነበረ አንሸሽግም፤ ቁጥር ያለው ነገር ሁሉ ሕግ ይመስላል።

ብዙ ሳይቆይ አንዲት የደባርቅ ሴት ለእህትዋ መልስ የሚሆን መደቡ ነጭ የሆነ ቶብ አዘዘች። ቶቡ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሲዘረጋ በአንድ ጫፉ የዝገት ነጠብጣብ ተገኘበት፤ ከመደርደሪያው ሚስማር የመጣ መሆኑን በኋላ አወቅን። ፎቶ አንሥታ ላከች። በዚያን ቀን ስልኩ በእኛ እጅ ስለ ነበር በሁለተኛው ቁጥር መሠረት ጊዜው ያለፈ መሆኑን በትሕትና ገለጽንላት። የሰጠችው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «እህቴ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እኮ ዕቃው ገና አይከል ነበር።»

ለዚህ የምንመልሰው አላገኘንም። እትዬ ማታ መልእክቱን አንብበው «ይኼንን ሰው ለሰው ይጽፋል?» አሉና ገንዘቡን በቴሌብር መለሱላት፤ ቶቡንም ለማስመለስ አልጠየቁም። እኛ ግን ነገሩ በዚህ ያለቀ አልመሰለንም። እትዬ ያደረጉት የጫማው ነጋዴ ያደረገውን ነው፤ በጽሑፍ የጨከነውን በቃል ማሩ። ምሕረታቸው የደረሰው ግን ደፍራ ለጻፈችው ሴት ብቻ ነው። ጉድለት አግኝተው ደንቡን አንብበው፣ ቁጥሩን አምነው ዝም ያሉ ገዢዎች ይኖሩ ይሆናል፤ ስለ እነርሱ ምንም መዝገብ የለንም፣ ሊኖረንም አይችልም። የዚህ ዓይነት ደንብ ጉዳቱ የሚያደርሰው ከሁሉ ይልቅ የተጻፈውን በሚያከብር ሰው ላይ ነው።

ታዲያ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ የሚገበያዩበት ደንብ እንዴት ሊጻፍ ይገባል? መልሱን ከሩቅ መፈለጋችን ስሕተት ነበር። ከሱቁ ደጅ ቆመን ብንመለከት ሰሊጥ የጫኑ መኪናዎች ሲያልፉ እናያለን። የመተማ ቆላ ሳያዩ መግዛትን ከስልክ የተማረ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሰሊጥም ወደዚያው ገባ፤ በመተማም መጋዘን ተከፈተ። አሠራሩን በአጭሩ ብንናገር፣ ባለንብረቱ ሰሊጡን ወደ መጋዘን ያመጣል፤ ከጭነቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ንጽሕናው፣ እርጥበቱና ባዕድ ነገሩ ይመረመራል፤ በዚህም መሠረት ዓይነቱና ደረጃው ይወሰናል። የአካባቢው ነጣ ያለ ሰሊጥ የሚመደበው የሁመራ ጎንደር በሚባለው ዓይነት ነው። ከዚያም ክብደቱ ተመዝኖ የመጋዘን ደረሰኝ ይቆረጣል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ የሚገዛው በደረሰኙ ላይ የሰፈረውን ነው፤ ጆንያውን ዳብሶ፣ ፍሬውን በመዳፉ አሽቶ፣ በጥርሱ ሰብሮ አላየውም። ድሮ በገበያ ቀን ዓይንና እጅ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ጽሑፍ ተክቶ ሠራው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። በዚህ አሠራር ዋናው ጽሑፍ ስለ መመለስ የሚናገር ሳይሆን ስለ ዕቃው የሚናገር ነው። ምን ዓይነት? ስንት ኩንታል? ደረጃው ስንት? የሚሉት አስቀድመው ተመልሰዋል። ክርክር የለም ማለታችን አይደለም፤ ደረጃው ዝቅ ተደረገብኝ የሚል ባለንብረት መቼም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ክርክሩ የሚነሣው በተጻፈውና በጆንያው ውስጥ ባለው መካከል ነው። የሚከራከሩበት አንድ የታወቀ ነገር አላቸው። የእኛ አራት ቁጥሮች ግን ስለ ቶቡ ርዝመት፣ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ዕጣኑ ዓይነት አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እንዲያውም ሦስተኛው ቁጥር ፎቶውንም አትመኑ ይላል። ዕቃው ምን እንደ ሆነ ሳይነገር እንደማይመለስ ብቻ ተነገረ። ገዢዋ የምታመሳክርበት ነገር ስላልነበራት ለሙግት የቀራት የሰዓት ቆጠራ ብቻ ሆነ፤ በእርሱም ረታችን።

አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ሰሊጥ ሰሊጥ ነው፤ የአንዱ ማሳ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ደረጃው ይበቃዋል፤ ቶብ ግን አንዱ ከሌላው ይለያል፤ ሽቶም እንደ አፍንጫው ነው። እውነት ነው። ዕጣንን ብንወስድ በመጠኑና በንጣቱ ይለቀማል፤ በመጋዘን የሚለቅሙት ሴቶች በዓይናቸው የሚለዩት ደረጃ ስላለው እንደ ሰሊጡ ሊገለጽ ይችላል። ቶብ ላይ ስንደርስ ግን «ኦሪጅናል የሱዳን» የሚለው ቃል ራሱ አጠራጣሪ ነው። የሱዳን ቶብ የሚባለው ብዙ ጊዜ በሌላ አገር የተሠራ ጨርቅ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከሱዳን ሴቶች አለባበስ ነው። ሻጩም ገዢውም «የሱዳን» ሲሉ አንዱ ስለ አለባበሱ፣ ሌላው ስለ ፋብሪካው ሊያስብ ይችላል። ይህን መግለጽ ደረጃ ከመስጠት ይከብዳል፤ የማይቻል ግን አይደለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

የሌላውም ዓለም ታሪክ በዚህ ረገድ የሚጠቅም ነው። በአሜሪካ ሞንትጎሜሪ ዋርድ የተባለው ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1872 ዕቃውን በዝርዝር አሳትሞ ለገጠር ገበሬዎች በፖስታ መሸጥ ጀመረ። ገበሬው ያላየውን ዕቃ ከማያውቀው የቺካጎ ሰው እንዲገዛ ማድረግ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1875 ዋርድ ዕቃው ያላስደሰተው ሰው ገንዘቡ እንደሚመለስለት ቃል ገባ። ይህን ያደረገው ቸር ስለ ሆነ ብቻ አይመስለንም፤ ፊት በሌለበት ንግድ የፊትን ቦታ የሚይዝ ነገር መኖር እንዳለበት ስለ ገባው ይመስለናል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ከሩቅ ሆኖ የገዛ ሸማች ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ ውሉን እንዲተው ፈቅዷል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው እጁ ከገባበት ጊዜ ነው። የሚበላሹ ዕቃዎች፣ በልክ የተሠሩ ነገሮች፣ ማሸጊያቸው ከተከፈተ ለጤና የማይመቹትም ከዚህ ውጭ ተደርገዋል። ይህን ለገንዳ ውኃ እንዳለ እንገልብጥ አንልም፤ አንድ ጊዜ መገልበጥ ምን እንዳመጣብን አይተናል።

የአገራችን ሕግ ደግሞ ግድግዳው እንደሚለው አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያገኘ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ ምትክ ወይም ገንዘቡን እንዲጠይቅ ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ሲወጣም መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተጻፈ ብቻ በሕግ ፊት ዋጋ እንዳያጣ ተደረገ። ስለዚህ በቴሌግራም የተጻፈው ደንብም፣ የደባርቋ ሴት መልእክትም ተራ ወሬ አይደሉም።

ከሕጉ የምንማረው ትልቅ ነገር አንድ ልዩነት ነው። ጉድለት አንድ ነገር ነው፤ ሐሳብ መለወጥ ሌላ ነገር ነው። የዛገ ቶብ የደረሳት ሴትና ቶቡ ደርሶ ቀለሙን ያልወደደች ሴት አንድ አይደሉም። «አይመለስም» ግን ሁለቱን በአንድ ገመድ ያስራል። ነጋዴዎች ይህን ቃል የሚወዱት በሁለተኛይቱ ምክንያት እንደ ሆነ እንረዳለን፤ ለብሶ፣ ለሠርግ ተጠቅሞ፣ በማግሥቱ «አልወደድሁትም» የሚል ገዢ አለ። እትዬም አንድ ጊዜ ደርሶባቸዋል፤ ቶቡ ሲመለስ የሌላ ሰው ሽቶ ይሸት ነበር። ይሁን እንጂ ከአንዲት ብልጥ ገዢ ለመዳን ሲባል ጉድለት የደረሰባቸውን ሁሉ በር መዝጋት ደንብ ሳይሆን ፍርሃት ነው።

እንግዲህ ደንቡን እንደ ገና ጻፍን። የመጀመሪያው ክፍል በየዕቃው ሥር የሚጻፍ መግለጫ ሆነ፤ ለምሳሌ፦ «ይህ ቶብ ርዝመቱ 4 ሜትር ተኩል፣ መደቡ ነጭ፣ አበባው ቡናማ ነው። በሱዳን ሴቶች አለባበስ የሚታወቅ ነው እንጂ በሱዳን የተሸመነ አይደለም። ፎቶውን ያነሣነው በቀን ብርሃን ደጅ ነው።» ዋጋውና የጭነቱ ሒሳብ ከዚያው ሥር በግልጽ ይጻፋል፤ የውስጥ መስመሩ ቀረ። እትዬ በዚህ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ጎረቤት ዋጋ አይቶ ይሰብረናል አሉ። አንዳንድ ጎረቤትም ሰብሯል።

ሁለተኛው ክፍል እንዲህ ይላል፦ «ዕቃው እጅዎ ከገባ በኋላ በ15 ቀን ውስጥ ጉድለት ቢያገኙበት ፎቶ አንሥተው ይላኩልን። እንለውጥልዎታለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን፤ የመመለሻውንም ጭነት የምንከፍለው እኛ ነን። መንገድ ወይም ኔትወርክ የተቋረጠበት ቀን አይቆጠርም።» አንባቢ እንደሚያየው «እኛ» እና «እርስዎ» ተመልሰው መጥተዋል። ይህ ለጨዋነት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ግሡ ባለቤት ሲኖረው ማን ምን እንደሚያደርግ መደበቅ አይቻልም። ቀኑንም ከመድረስ የቆጠርነው አዋጁ ከግዢ ቀን ጀምሮ ከሚሰጠው ጊዜ ገዢውን የበለጠ ስለሚጠቅም ነው።

ስለ መንገድና ስለ ኔትወርክ የተጨመረው ቃል በሌላ አገር ደንብ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። ለእኛ ግን የግድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መንገዱም በግጭቱ ምክንያት የሚዘጋበት ቀን ነበረ። በዚያን ጊዜ ገንዘብ የላከ ሰው ዕቃው የት እንደ ደረሰ ለመጠየቅ አልቻለም፤ ዕቃ የላከ ሰውም መድረሱን ለማወቅ አልቻለም። «በ24 ሰዓት ውስጥ» ብሎ የጻፈ ሰው እንዲህ ያለ ወር አይቶ የሚያውቅ አይመስልም፤ እኛ ግን አይተን ሳለ ጻፍነው።

ስለ ሰዓትም አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር እንጨምር። «እስከ 6 ሰዓት ያዘዘ በዕለቱ ይላክለታል» ብለን ነበር። በእኛ አቆጣጠር 6 ሰዓት እኩለ ቀን ነው፤ የብዙ ሰው ስልክ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚቆጥር 6 የሚለው ጠዋት ወይም ማታ ይሆናል። ከመተማ ዮሐንስ ያሉ ዐረብኛ ተናጋሪ ገዢዎች በዚህ ሁለት ጊዜ ተሳስተዋል። አሁን «እስከ እኩለ ቀን» ብለነዋል። ደንቡ በዐረብኛም መጻፍ ነበረበት፤ ገና አላደረግነውም።

ሦስተኛው ክፍል ስለማይመለሱ ነገሮች ነው፤ ክዳኑ የተከፈተ የሰሊጥ ዘይት፣ የተከፈተ ሽቶና ከማሸጊያው የወጣ ዕጣን ጉድለት ካልተገኘባቸው አንቀበልም ይላል። እዚህም «አንቀበልም» እንጂ «አይመለስም» አላልንም፤ ምክንያቱንም ከጎኑ ጽፈናል፣ ይኸውም ለሌላ ሰው ልንሸጠው ስለማንችል ነው። ለዘይቱ ግን ሌላ ችግር መጣ። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የዋለ የላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑ ይላላና ዘይቱ ካርቶኑን ያርሰዋል። ይህ ገዢው የከፈተው ነው ወይስ ሙቀቱ? ከፎቶ ለመለየት አይቻልም። ደንብ የማይፈታውን አስተሻሸግ ፈታው፤ እትዬ ክዳኑን በሰም ማሸግ ጀመሩ። ሰሙ ከተሰበረ ተከፍቷል፤ ሰሙ ሳለ ከፈሰሰ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከጻፍነው ሁሉ ክርክር በይበልጥ ያስቀረው ይህ ሰም ነው ብንል አናጋንንም።

አራተኛው ክፍል በመንገድ ስለ ጠፋ ወይም ስለ ተበላሸ ዕቃ ነው። የድሮው ደንባችን ኃላፊነት አንወስድም ይል ነበር። ነገር ግን አውቶቡሱን የመረጠ ማን ነው? ረዳቱን የሚያውቀው ማን ነው? የደባርቅ ገዢ ረዳቱን በስልክ ቁጥር ብቻ ነው የምታውቀው፤ እትዬ ግን በመናኸሪያ ዕለት ዕለት ያገኙታል። ስለዚህ ዕቃው ከገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ኃላፊነቱን ሱቁ እንዲወስድ ተደረገ፤ ይህን ለመሸከም እንዲቻልም በጭነቱ ሒሳብ ላይ ጥቂት ብር ተጨመረ። አንዳንድ ገዢዎች ጭነቱ ተወደደ ብለው ቀርተዋል።

አምስተኛው ክፍል ገና ባዶ ነው። ጉድለት ሳይኖርበት ሐሳቡን የለወጠ ገዢ ዕቃውን ሳይለብስ ቢመልስ እንቀበለዋለን፤ እስከዚህ ከእትዬ ጋር ተስማምተናል። የመመለሻውን ጭነት ማን ይክፈል የሚለው ግን አልተወሰነም። የአውሮፓው መመሪያ ሻጩ እከፍላለሁ ካላለ፣ አስቀድሞም ለገዢው ከነገረው፣ ገዢው ይክፈል ይላል፤ እኛም ይህን ብንይዝ ይሻላል እንላለን፤ አለዚያ አንድ ሰው ሦስት ቶብ አዝዞ ሁለቱን መመለስ ይጀምራል። እትዬ ደግሞ ከገንዳ ውኃ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ የካርቶን ጭነት ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ከባድ ነው ይላሉ፤ «ግማሽ በግማሽ» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በደንቡ ላይ ለጊዜው «ስለዚህ ነገር ጠይቁን» ብለን ጽፈናል። ይህም መልሶ ወደ ውስጥ መስመር የሚወስድ ስለ ሆነ አልወደድነውም።